ጉማሬውን እሰሩልኝ

የምኖርባት ከተማ ዱርቤቴ ትባላለች። ለሁለት ከፍላችሁ ስታነቡት ዱር ቤቴ ይሆናል። እንዲህ ያለ ስም ተሸክማ አንድ እንኳ አንበሳ የሌላት መሆኑ የሚያንገበግበው አንድ ወዳጄ፣ ሰሞኑን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን “ለምን ለእኛም አንበሳ ግቢ አይሠራልንም?” አለኝ። መጀመሪያ ሳቅሁበት። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን እውነቱን ነው። ውሃና መብራት ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ አንበሳ ግን ክብር ነው።

ደግሞስ የአገር ልምድ አለልን አይደል? የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ በ1940 ዓ.ም. ሲመሠረት ዘመኑ ንጉሡ «ሞዓ አንበሳ» የሚባሉበት ነበር፤ ባለማዕረጉ በቤተ መንግሥት፣ የማዕረጉ ምልክት በአጥር ውስጥ። ንጉሡ ወረዱ፤ አንበሳው ግን ከነቀለቡ ለከተማው ቀረለት።

ችግሩ ያ ቀለብ ነው። አንበሳ ሽሮ አይበላም፤ ሑዳዴ ገባ፣ ፍልሰታ ገባ ብሎ አይጾምም። በኅዳር 1999 ዓ.ም. ግቢው ራሱ ለዓለም ዜና አውታሮች እንዳመነው፣ ገንዘብም ቦታም ስላጠረው ደቦሎቹን በመርዝ ይገድል ነበር። ሬሳቸውንም ጠቅጥቀው ለሳሎን ጌጥ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ይሸጥ ነበር፤ የአንዱ ዋጋ 170 ዶላር ገደማ። ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው የበጀት ማብቃቂያ ዘዴዎች ሁሉ የላቀው ይህ ነው ባይ ነኝ። ጭድ የጎረሰ አንበሳ ቁርስ አይጠይቅም፣ አይታመም፣ አይወልድ። አፉን እንደ ከፈተ ሰላሳ ዓመት ይቆማል። አቧራውን ብቻ ማራገፍ ነው።

ከዚያ በ2005 ዓ.ም. የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከግቢው አንበሶች የ15ቱን ዘረመል መርምረው፣ እነዚህ ባለ ጥቁር ጎፈሮች ከሌላው የአፍሪካ አንበሳ የተለዩ ናቸው ብለው ጻፉ። እንግዲህ አስቡት! ፈረንጅ ብርቅ መሆናቸውን ከመናገሩ ስድስት ዓመት ቀድመን፣ እኛ ቁጥራቸውን እየቀነስን ብርቅ እያደረግናቸው ነበር። አርቆ ማሰብ ከዚህ ወዲያ ምን አለ?

በመስከረም 2012 ዓ.ም. ደግሞ አንድነት ፓርክ ሲከፈት አንበሳ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ፤ መግቢያውም ለመደበኛ ጎብኚ 200 ብር፣ ለክቡር እንግዳ 1000 ብር ሆነ። ለአንበሳ ያለን ፍቅር እንግዲህ እዚህ ድረስ ነው። አውቶብሳችን አንበሳ፣ ጫማችን አንበሳ፣ ባንካችን አንበሳ። ተሳፈርንበት፣ ረገጥነው፣ ተበደርነው። የቀረን ማብላት ብቻ ነው። (ማሾፌን ለአፍታ ልተወውና፣ ያሰረ ይቀልባል። አንበሳ ስንቅ የሚያመላልስለት ዘመድ የለውም።)

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ከእኛ በስተሰሜን ጣና አለ። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አጥር የለው፣ ቲኬት ቆራጭ የለው። ባሕር ዳር ላይ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል በጠዋት የወጣ ሰው ጉማሬ ያያል። መጀመሪያ ሁለት ጆሮ፣ ቀጥሎ ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ፤ ከዚያ እፍ ብሎ ውሃውን ይረጭና ይጠልቃል። ባለጀልባው ሞተሩን ያጠፋል። በደንገል ታንኳ ላይ ያለው ሰው የሚያጠፋው ሞተር ስለሌለው ትንፋሹን ያጠፋል።

ይህ ጉማሬ ታዲያ ሞኝ ነው። በነፃ ይታያል፣ በነፃ ይግጣል፣ በማን መዝገብ እንደሚያዝ አይታወቅም። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ተርታ ሲያስገባው ጉማሬው ያው ጆሮውን አርገበገበ። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ግን ሌላ ነዋሪ መጥቶበታል፤ እምቦጭ። ለጣና ገንዘብ አልተዋጣም አልልም፣ ተዋጥቷል፤ አረሙ ግን መዋጮ አይፈራም። ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅላል፤ ነቅሎ ሲወጣ ከኋላው ይበቅላል። ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ግልገል ዓባይ ሽቅብ የሚወጣውን ዓሣ ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ቆሞ ይቀበለዋል።

ስለዚህ ለሚመለከተው አካል ሐሳቤን አቀርባለሁ፤ ጉማሬው ይታሰር። በአጥር ውስጥ ካልገባ የበጀት ኮድ አያገኝም። ከታሰረ ጥበቃ ይቀጠርለታል፣ ሒሳብ ሹም ይመደብለታል፣ ለልምድ ልውውጥ ስድስት ኪሎ የሚሄድ ኮሚቴ ከነአበሉ ይቋቋምለታል። ዓሣውም በገንዳ ይግባ። እምቦጩንም ቢሆን በበርሜል አድርገን መግቢያ ብናስከፍልበት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ደቦሎቹ በቀለብ እጦት ማለቁ አይቀርም ነበር።

የወዳጄን ሐሳብ ለአንድ የሰፈራችን ሽማግሌ አጫወትኳቸው። “አያ፣ ዱርቤቴ አንበሳ ቢመጣላት ምን ይላሉ?” አልኳቸው።

በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና “ጅቡን ማን ወሰደልን ልጄ፣ አንበሳ የሚጨመርልን?” አሉኝ።

እውነትም የራሳችን አለን። በገበያ ቀን ማታ ሥጋ ቤቶቹ ሲዘጉ ከጓሮ ይመጣል። መጀመሪያ ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ከዚያ ድንገት ጭጭ ይላሉ፤ በጨለማው ውስጥ የሚሰማው አጥንት ሲደቅቅ ብቻ ነው። ደመወዝ አይጠይቅም፣ ያደረውን ቆሻሻ ሁሉ ያጸዳል፣ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ብር አልወሰደም።

መጎብኘት የምትፈልጉ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ኑ። መግቢያ በነፃ ነው። አህያችሁን ግን አስገቡ።