ካፕሳሎን፦ የአንድ ርካሽ የፈረንጅ ምግብ ጥናት

ውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ ምግብን በሁለት ይከፍላል፤ የሐበሻ ምግብና የፈረንጅ ምግብ። ሦስተኛ ክፍል የለም፤ የቻይና ሩዝም ፈረንጅ ነው። ይህ ጥናት ሁለተኛውን ክፍል ኪሱን ሳይጎዳ መቅመስ ለሚሻ አዲስ መጤ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ጠረጴዛቸው ላይ ነጭ ጨርቅ የሚያነጥፉ ምግብ ቤቶች በበጀት ምክንያት አልተካተቱም።

የጥናቱ ስፍራ ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ነው። ሰፈሩ በ1389 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዴልፍት ከተማ ወደብ ሆኖ ተመሠረተ፤ በ1886 ወደ ሮተርዳም ተጠቃለለ። በ1940 የጀርመን ቦምብ የከተማዋን እምብርት ሲያወድም አሮጌው ወደብ ተረፈ። ፒልግሪም አባቶች የሚባሉት እንግሊዛውያንም በ1620 ወደ አሜሪካ ጉዟቸውን የጀመሩት ከዚሁ ነው። የታሪክ ጸሐፍት ምክንያቱ ሃይማኖት ነው ይላሉ፤ ስለ ምግቡ ግን ዝም ብለዋል።

ለምርመራ የተመረጠው ናሙና ካፕሳሎን ይባላል። በአልሙኒየም ሳህን ይቀርባል፤ ሹካ ሲገባበት እንደ ሐዳር ደለል ንብርብሩ ይታያል። ከሥር የተጠበሰ ድንች፣ በላዩ የሻዋርማ ወይም የዶነር ሥጋ፣ በሥጋው ላይ በእሳት የቀለጠ የጋውዳ አይብ፣ ከአይቡ በላይ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ኪያር። በስተመጨረሻ የነጭ ሽንኩርት ሶስና ሳምባል የተባለ የቃሪያ ድልህ ይጨመርበታል። ሳምባሉ እንደሚያቃጥል ሻጩ ያስጠነቅቃል፤ ሚጥሚጣ የለመደ ደንበኛም በትሕትና ያዳምጠዋል። ትልቁ ሳህን 1800 ካሎሪ ገደማ እንደሚይዝ ይነገራል። ሰላጣው የተጨመረው ለበሊታው ኅሊና ሳይሆን አይቀርም።

የናሙናው አባት ይታወቃል። ናትናኤል ጎሜስ የኬፕ ቨርዴ ተወላጅ ሲሆን (ስሙ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ውስጥ ቢጠራ ዞር ብሎ የሚያይ የለም) በዴልፍስሃቨን ፀጉር ቤት ነበረው። በ2003 ስኺዳምሰቬኽ ጎዳና ላይ ወዳለው ኤል አቪቫ ሻዋርማ ቤት ገብቶ የሚወዳቸውን ነገሮች ሁሉ በአንድ ሳህን እንዲደረድሩለት ጠየቀ። ደጋግሞ አዘዘ፤ ሌላውም ደንበኛ ያንኑ ይፈልግ ጀመር፤ ሳህኑም በፀጉር ቤቱ ተጠራ። ካፕሳሎን በሆላንድኛ ፀጉር ቤት ማለት ነውና። ፀጉር ግን የለበትም፤ ተፈትሿል።

ዋናው ጥያቄ ዜግነቱ ነው። ድንቹ የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ልጅ ነው። ሥጋን በዘንግ አቁሞ እያሽከረከሩ መጥበስ ከኦቶማን ቱርክ የመጣ ሙያ ነው። ሳምባሉ ሆላንድ ለረጅም ዘመን ከገዛቻት ከኢንዶኔዥያ ተሻግሯል። ፈጣሪው ከአትላንቲክ ደሴቶች ነው። ስሙን ከሮተርዳም ብዙ ከማትርቅ ከተማ የወሰደው አይብ ብቻ የአገሬው ተወላጅ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ አንድ ሐበሻ የፈረንጅ ምግብ በላሁ ሲል የሚናገረው ስለ አንድ ስስ ንብርብር ነው።

ይህ ግኝት ቡና ላይ ቢቀርብም ተቀባይነት አላገኘም። በሹካ የተበላ ሁሉ የፈረንጅ ነው ተባለ። መስፈርቱ ግን ይፈርሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ፓስታ በእንጀራ ሲበላ ስንት ዘመኑ ነው? ያም ሆኖ ፓስታን ሐበሻ ነው ያለ አልተገኘም።

ሕጉም ግልጽ መልስ አይሰጥም። ጤፍን በማቀነባበር ዘዴ ላይ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ፈጠራ የሚባል ነገር አላየሁበትም ብሎ በኔዘርላንድ ውስጥ ሻረው። ከዚያ በፊት ግን በወረቀቱ መሠረት የጤፉ ዱቄት ከካፕሳሎን የተሻለ ሆላንዳዊ ነበር። ካፕሳሎንን ደግሞ ድንች የሚጠብስ ሁሉ እስከ ቤልጂየም ድረስ ማንንም ሳያስፈቅድ ይሸጠዋል።

የጾሙ ነገር ረቀቅ ይላል። ረቡዕና ዓርብ ከናሙናው የሚተርፈው የታችኛው ንብርብር ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከአይቡ በፊት ከተደረሰበት ነው። ጿሚው ድንቹን ለብቻው ያዝዛል። ሻጩ በልማድ ማዮኔዝ ሊያፈስበት ሲል፣ እንቁላል አለበትና እጁን ይይዘዋል። ለውዝ ሶስ አለ፤ ወተት ይኑርበት አይኑርበት እየተጠየቀ ይወሰዳል። ከድንቹ በፊት በዚያ ዘይት ውስጥ ማን ሲዋኝ እንደነበር ግን አጥባቂዎቹም አይጠይቁም፤ ጥናቱም በአርምሞ አልፎታል።

በመጨረሻ ናሙናው ቤት ተወስዶ እንጀራ ላይ ተገለበጠ። ሶሱ እንጀራው ውስጥ ሰረገ፤ ሹካ አላስፈለገም። ጉርሻም ተሞክሮ አይቡ ከአጉራሹ ጣት እስከ ተቀባዩ አፍ ክር ሆኖ ተሳበ፤ ማን ይበጥሰው የሚለው ላይ አጭር ውይይት ተደረገ። አሁንም የፈረንጅ ነው ያሉ ነበሩ። እነሱም ጨምረው በሉ። ሙከራው የተደረገው ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በፊት ነው።