«ላም አለኝ በሰማይ» ላላችሁኝ

ሰሞኑን ስለ ሕንድ የሚሳኤል ፕሮግራም ባነሣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ስድስት አፍ ተከፈተብኝ። ያደረ ነገር ይሻግታልና ዛሬውኑ ልመልስ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

*

«ሕንድና ሚሳኤል ምን አገናኛቸው? የዘፈንና የፊልም አገር አይደለችም እንዴ?»

ሲኒማ ቤት ገብተህ ዘፈኑን አየህ፤ ክፍል ብትገባ ሰሌዳውን ታይ ነበር። እዚህ እኛው አገር ስንቱን ተማሪ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን ከፊልም የወጡ አይደሉም።

ሮኬት ደግሞ ለሕንድ የትናንት ነገር አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የማይሶር ገዥዎች ሐይደር አሊና ልጁ ቲፑ ሱልጣን በብረት ቀፎ የታሸገ ሮኬት በእንግሊዝ ጦር ላይ ያዘንቡ ነበር። በ1799 ቲፑ ሲወድቅ እንግሊዞች ሮኬቱን ማርከው ወሰዱ፤ መረመሩት፤ የራሳቸውንም ሠሩበት። ያኔ «የዘፈን አገር ዕቃ ነው» ብሎ የጣለው የለም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አብዱል ካላም የሚባል ወጣት ሕንዳዊ መሐንዲስ ለሥልጠና አሜሪካ ሄደ። ዋሎፕስ በሚባለው የናሳ የሮኬት ማስወንጨፊያ ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል አየ፤ ቀረብ ሲል የቲፑ ወታደሮች ሮኬት ሲተኩሱ የሚያሳይ ነው። የአገሩን ታሪክ በሰው ግድግዳ ላይ ያየ ሰው ምን እንደሚሰማው ለእኛ አገር ሰው አላስረዳም።

*

«በማይችሉት ከሚታገሉ ገዝተው አይገላገሉም?»

የሰው ወርቅ አያደምቅ። ያዋሰህ ሰው ባሰኘው ቀን ሠርግ መሐል ከአንገትህ ያወልቀዋል።

ሕንዶች በ1970ዎቹ አቋራጩንም ሞክረዋል። የሶቪየትን ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል ፈታተው፣ እያንዳንዱን ክፍል አስመስለው ለመሥራት ተነሡ። ሙሉ ሚሳኤል ሳይወጣው ፕሮጀክቱ ተዘጋ። እጃቸው ግን ባዶ አልቀረም፤ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሞተር እንዴት እንደሚበጅ ተምረውበት ነበር። በ1983 እንደገና ሲነሡ ያ ትምህርት ተቀምጦ ጠበቃቸው።

በዚያ ዓመት የሃይደራባዱን የሚሳኤል ላቦራቶሪ የሚመራው ካላም ነበር። ከመከላከያ ሚኒስትሩ የሳይንስ አማካሪ ከአሩናቻላም ጋር ሆኖ አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚጀመርበትን ዕቅድ ለሚኒስትሩ ለቬንካታራማን አቀረበ። ባለሥልጣን ዕቅድ ሲያይ «ቀንሱ» ማለት ይቀናዋል። ቬንካታራማን ግን ሁሉንም ባንድ ላይ ጀምሩ አሉ። 3 ቢሊዮን 880 ሚሊዮን ሩፒ ተፈቀደ። አምስት ሚሳኤሎችም ስም ወጣላቸው፦ ከምድር ወደ ምድር የሚወነጨፈው ፕሪትቪ፣ ማለትም ምድር፤ ሩቅ ተጓዡ አግኒ፣ እሳት፤ አውሮፕላን መቺው አካሽ፣ ሰማይ፤ ታንክ አፍራሹ ናግ፣ እባብ፤ በቅርብ ርቀት አየር ላይ የሚከላከለው ትሪሹል ደግሞ ባለ ሦስት ጣት ጦር።

በ1987 አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ካናዳና ጃፓን የሚሳኤል ቴክኖሎጂ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ተስማሙ። አሁን «ገዝተው ይገላገሉ» ያልከኝ ወዳጄ፣ ከማን?

ደጁ የተዘጋበት ሰው ጓዳውን ይፈትሻል። ካላምም በየዩኒቨርሲቲው ዞረ። ለአካሽ ብዙ ዒላማ ባንዴ የሚለየውን ሶፍትዌር ከሕንድ የሳይንስ ኢንስቲትዩት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጋር ሠሩ። ከሕዋ ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ ለሚገባው የአግኒ ክፍል ንድፍ ከማድራስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወጣቶች ጋር ተቀመጡ። ደጁ በተዘጋ ዓመት ሳይሞላው፣ በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1988 ፕሪትቪ ከስሪሃሪኮታ ተወነጨፈች።

*

«አግኒ አልነሣ ብላ የሰው መሳቂያ ሆነው የለም?»

ሆነዋል። ለዚህ ነው የማከብራቸው።

አግኒ ለኤፕሪል 20 ቀን 1989 ተቀጥራ ነበር፤ ልትወነጨፍ ሰኮንዶች ሲቀሩ ተሰረዘ። በሜይ 1 እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ቆመ። ጋዜጣው ሁሉ በካርቱን ተሳለቀ። አሙል የሚባለው የቅቤ ድርጅት ሳይቀር በማስታወቂያው አግኒ የእኛን ቅቤ በነዳጅነት ትሞክር አለ። ቅቤ ሻጭ መሐንዲስ ላይ ሲቀልድ አስበው! መሐንዲሶቹ ለአሙል መልስ አልጻፉም። ክፍሎቹን እየፈተሹ፣ እየቀየሩ፣ ሌሊቱን ከቀን አገናኙት። በሜይ 22 ጠዋት ከቻንዲፑር አግኒ ተነሣች። ለተረብ ከዚህ የተሻለ መልስ እኔም የለኝ።

ካላም ሳቅ መቻልን ከየት እንደተማረ ልንገርህ። በኦገስት 1979 የሕንድን የመጀመሪያ የሳተላይት ማስወንጨፊያ ሮኬት ሲመራ ሮኬቱ ደቂቃዎች ብቻ በርሮ የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ወደቀ። ጋዜጠኛ ይጠብቃል። አለቃው ሳቲሽ ዳዋን ካላምን ወደ ኋላ አስቀርቶ ራሱ ጋዜጠኞቹ ፊት ቀረበ፤ ጥፋቱን በራሱ ትከሻ ወስዶ ቡድኑ በዓመቱ ያሳካዋል አለ። በጁላይ 1980 ሮኬቱ ሳተላይቱን ምህዋር ላይ አስቀመጠ። ያን ቀን ዳዋን፣ ዛሬ መግለጫውን አንተ ስጥ ብሎ ካላምን ወደ ፊት ገፋው።

ውድቀቱን ለራሱ፣ ድሉን ለልጆቹ የሚሰጥ አለቃ ባለበት ቤት ሰው ለመሞከር አይፈራም። የአግኒ የመጀመሪያ ክፍል የዚያው ሮኬት የመጀመሪያ ክፍል ነበር። በ1979 የተሳቀበት ነገር ነው በ1989 ያነሣት።

*

«ይሁን፤ ከአምስቱ ስንቱ ፍሬ አፈራ?»

ፕሪትቪና አግኒ ጦሩ እጅ ገቡ። አካሽ የመጀመሪያ በረራዋን በ1990 አድርጋ፣ ሠራዊቱ በይፋ የተረከባት በ2015 ነው። ናግ የመጀመሪያ ሙከራዋ በ1990፣ የመጨረሻ የምድር ጦር ሙከራዋ በ2020፤ 30 ዓመት። ትሪሹል አልሆነችም። ባሕር ኃይሉ ሲጠብቅ ሰልችቶት ከእስራኤል ባራክ የተባለውን ሚሳኤል ገዛ፤ በ2008 ፕሮግራሙ ሲዘጋ እሷም የቴክኖሎጂ መሞከሪያ ብቻ ሆና ቀረች።

ይህን አልሸፍንም። የዘገየው ዘግይቷል፣ የወደቀው ወድቋል። ግን «አንዷ ወደቀች» የምትለኝ ሰውዬ አራቱን ዘለህ አንዷን ብቻ አትቁጠር። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት የእኛው አይደለም? በ2012 የተሞከረችው አግኒ አምስት ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። ከሩሲያ ጋር የተሠራውን ብራሞስ የተባለ ሚሳኤል ሕንድ በ2022 ለፊሊፒንስ በ375 ሚሊዮን ዶላር ሸጠች። ትናንት አንሸጥልሽም የተባለች አገር ዛሬ ሻጭ ሆናለች።

*

«ድሃ ሞልቶ እያለ ገንዘብ ወደ ሰማይ ይተኮሳል?»

እዚህ ላይ ምላሴን አሰባስቤ እናገራለሁ፤ ጥያቄህ ትክክል ነው። ረሃብተኛ ያለበት አገር ለጦር መሣሪያ ያወጣትን እያንዳንዷን ሩፒ ማስረዳት አለበት። «ኩራታችን ነው» መልስ አይሆንም፤ ኩራት ሆድ አይሞላም።

ሚሳኤልን የቡና ስኒ አስመስዬ አላቀርብልህም፤ የተሠራው ለመግደል ነው። ሕንድ ስትሠራ ጎረቤቷ ፓኪስታን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ በ1998 ጋውሪ የተባለውን የራሷን ሚሳኤል አስወነጨፈች። እሳት እሳትን ጠራ። በማርች 9 ቀን 2022 ደግሞ አንድ የሕንድ ሚሳኤል በስሕተት ተተኩሶ ፓኪስታን ውስጥ ሚያን ቻኑ አካባቢ ወደቀ። ሰው አልሞተም። ሕንድ ጥፋቱን አመነች፤ ሦስት የአየር ኃይል መኮንኖችም ከሥራ ተሰናበቱ። ሁለቱም አገሮች ኑክሌር የታጠቁ ናቸው። ያን ቀን የተረፍነው በእግዜር ቸርነት ነው። ሚሳኤል የሠራ እጅ ሚሳኤሉን ያህል የከበደ ጥንቃቄና ተጠያቂነት መሸከም ግዴታው ነው።

የምከራከርልህ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። መሣሪያ በተገዛበት ገንዘብ የሚቀርህ ብረት ነው፤ ብረቱ ይዝጋል። ለመማር ባወጣኸው ገንዘብ የሚቀርህ ሰው ነው። የማድራሱ ተማሪ ያወቀውን በ1987 ደጁን የዘጉት ሰባቱም አገሮች ተሰብስበው መልሰው አይነጥቁትም።

*

«ያም ሆነ ይህ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።»

ለዚህኛው መልስ ተዘጋጅቼ ነበር የጠበቅሁህ።

ሩቅ የሚወነጨፍ ሚሳኤል ወደ ከባቢ አየር ሲመለስ ጫፉ ወደ 3,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ሙቀት ይለበለባል። እንዳይቀልጥ ጠንካራ፣ እንዲርቅ ቀላል መሆን አለበት። የካላም ሰዎች ለአግኒ ሲሉ በጣም ቀላል ቁሶችን መሥራት ተማሩ። አንድ ቀን በሃይደራባድ የኒዛም የሕክምና ሳይንስ ኢንስቲትዩት የአጥንት ሐኪም ላቦራቶሪውን ሊጎበኝ መጣ። ቁሱን አንሥቶ በእጁ መዘነው፤ ቅለቱ ገረመው። ካላምን ይዞ ሆስፒታል ወሰደውና ሕፃናቱን አሳየው። እግራቸው የሰለለ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እያንዳንዱ ከ3 ኪሎ በላይ የሚመዝን የብረት መደገፊያ ታጥቀው እግራቸውን መሬት ለመሬት ይጎትታሉ።

ሐኪሙ ይህን ስቃይ አንሣልኝ አለው።

ካላም ተመለሰ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከዚያው ቀላል ቁስ የእግር መደገፊያ ሠርተው ወደ ሆስፒታሉ ወሰዱ። ልጆቹ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው፤ ወላጆቻቸው አለቀሱ። ካላም ኋላ የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ2015 ሺሎንግ ከተማ ተማሪዎች ፊት ቆሞ ንግግር ላይ ሳለ ወድቆ ሞተ። በሕይወት ሳለ ትልቁ ደስታዬ ብሎ ከሚያወራቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ የእነዚያ ልጆች ጉዳይ ነበር።

አዲሱ መደገፊያ 300 ግራም ይመዝናል። ወተቷን አላይም ላልከኝ፣ ወተቷ ይህችው ናት።