በቦርድ የሚታከም መጋዝ

የእናቴ ወንድም ጋሼ ሱሉልታ መንገድ ላይ ባሕር ዛፍ ይነግዳሉ። በቁሙ ገዝተው ያስጥላሉ፤ ቀጥ ያለው ቋሚና ወራጅ ይሆናል፣ ጠማማው ማገዶ። ይህን ሁሉ ዘመን ያገለገላቸው የሞተር መጋዝ በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል። ቀለሙ ምን እንደነበር የሚያስታውሱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

እኔ ደግሞ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ዕቃ በኮንቴይነር ስትልክ ከሶፋ ሥር ወሽቃ የላከችልኝ አዲስ መጋዝ አለኝ። ጎኑ ላይ የአሜሪካን የጭስ ሕግ ማሟላቱን የሚመሰክር ወረቀት ተለጥፎበታል። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ወረቀቱን አስጠግተው አዩት።

"ይሄ መጋዝ ነው ፓስፖርት?"

"ፓስፖርት ነው ጋሼ። የእርስዎ ቪዛ ቢጠይቅ ግን ከበር ይመልሱታል።"

"ምን ሊሠራ ይሄዳል? እንጨቱ ያለው እዚህ።"

አንድ ለዜሮ ተመራሁ።

ቀጥለው የራሳቸውን ገመድ ሦስቴ ሳብ ሳብ አድርገው አስነሡት። ጭሱ መጀመሪያ ጋሼን ዋጠ፣ ከዚያ የእንጨት ክምሩን፣ ከዚያ እኔን። ከመንገዱ ማዶ በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ማራገቢያዋን አስቀምጣ አየችን፤ የእሷ ምድጃ አፈረ።

"ጋሼ፣ እንጨቱ ሳይቆረጥ ትንፋሻችን ተቆረጠ።"

"ጭስ የሚፈራ ማገዶ አይነግድም።"

"ይሄማ ጭስ ብቻ አይደለም፤ ሳይቃጠል የወጣ ቤንዚንዎ ነው።"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ጋሼ ያላመኑኝን አንባቢ ያምነኛል። የመጋዝ ሞተር እንደ ድሮው ቬስፓ ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት የሚደባለቅለት ባለሁለት ምት ሞተር ነው። አሠራሩ የሠርግ ድንኳን ነው። በአንድ በር አዲስ እንግዳ ይገባል፣ በሌላው የበላው ይወጣል፣ ሁለቱም በሮች በአንድ ጊዜ ክፍት ናቸው። የበላውን ገፍቶ የሚያስወጣው አዲሱ እንግዳ ነው። በግፊያው መሐል ታዲያ አሁን የገባውም እህል ሳይቀምስ ከበላው ጋር ተጠራርጎ ይወጣል። በድሮው ሞተር እንዲህ ጦሙን የሚወጣው ቤንዚን እስከ ሩብ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ጋሼ ከአራት ሊትር አንዱን ለባሕር ዛፍ ቅጠል ያጠጡታል ማለት ነው፤ ያውም ማደያ ተሰልፈው የገዙትን።

አዲሱ ያመጣው ብልሃት ከእንግዶቹ በፊት ባዶ አየር ማስገባት ነው። የበላውን አየሩ ገፍቶ ያወጣዋል፤ አየሩ አብሮ ተጠራርጎ ቢወጣ የሚከስር የለም። ቤንዚኑ ዘግየት ብሎ ነው የሚገባው፤ እሱ ሲደርስ መውጫው ሊዘጋ ነው። መጋዝ ሠሪው ሁስክቫርና ይህንን ብልሃት ኤክስ ቶርክ ብሎ ሰይሞ "ነዳጅ እስከ 20 በመቶ ይቆጥባል" ይላል። "እስከ" የነጋዴ ቃል ናት ብዬ ግማሹን ብቀንስበት እንኳ የጋሼን የምሳ ወጪ ይሸፍናል።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ የተጨነቁት ለእኔ ቤንዚን አዝነው ነው?"

"አይ፣ ለካሊፎርኒያ ሰማይ ነው።"

እውነቴን ነው። የካሊፎርኒያ የአየር ቦርድ ባወጣው ሒሳብ፣ መጋዝ ሳይሆን የመጋዝ ዘመድ የሆነው የቤንዚን ቅጠል መንፊያ አንድ ሰዓት ሲሠራ ለከተማ ጭጋግ የሚያዋጣው ብክለት፣ አንዲት የ2017 ቶዮታ ካምሪ 1,100 ማይል ስትነዳ ከምታወጣው ጋር ይተካከላል። አዲስ አበባ ሞያሌ ደርሶ መልስ ማለት ነው፣ ትርፍም አለው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) በ1990ዎቹ የጀመሩትን ቁጥጥር እያጠበቁ መጥተው በ2021 አንድ ሕግ አወጡ። ሕጉን ተከትሎ የወጣው ደንብ ከ2024 ጀምሮ ተመርቶ እዚያ የሚሸጠው አዲስ ቅጠል መንፊያም ትንሽ መጋዝም ጭስ አልባ ይሁን ይላል። ከ45 ሲሲ ጀምሮ ያለው ትልቁ መጋዝ ግን በፌዴራል ሕግ ምክንያት አይነካም።

"ትልቁን ምረው ትንሹን ያዙት?" አሉ ጋሼ። "እኔ ደግሞ ካሊፎርኒያ ሌላ አገር መስሎኝ።"

"ይሳቁ። ካሊፎርኒያ ሩቅ ናት፤ ከማርሚታው እስከ አፍንጫዎ ግን አንድ ክንድ ነው። ሕጉን ለሰማዩ ቢያወጡትም መጀመሪያ የሚቀምሰው የእርስዎ ሳንባ ነው።"

ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳል ቀደማቸው። ይህችን ነጥብ ከሳላቸው ተቀብያለሁ።

ደረቴን ነፍቼ የእኔን አስነሣሁ። በመጀመሪያው ተነሣ። ነዳጅ ስሰጠው ግን አጉረመረመ፣ ታነቀ፣ በመጨረሻም (ጉድ ነው) አጨሰ።

"ሕጉን እያሟላ ነው?" አሉ ጋሼ።

ምክንያቱን አውቃለሁ፣ ማወቄ ግን አላዳነኝም። ካርቡራተሩ ፋብሪካ ውስጥ የተስተካከለው ለቆላ አየር ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ቤንዚኑ በዛ ማለት ነው። ድሮ ቢሆን ብሎኗን በካቻቢቴ ትንሽ ጠበቅ ማድረግ ይበቃ ነበር። አሁን ግን የጭስ ሕጉ ብሎኗ ላይ ቆብ አድርጎባታል፣ ከተወሰነላት በላይ እንዳትዞር፤ ጭንቅላቷም ለብቻዋ የተሠራ መፍቻ ካልሆነ በሌላ አትፈታም። እንዳይበክል ተብሎ በተደፋበት ቆብ ምክንያት የበከለ መጋዝ አይቼ አላውቅም ነበር፤ የእኔ ሆነ።

ጋሼ ካቻቢቴያቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ፣ ብሎኗ ላይ ሞከሩ፣ አልገባም። መልሰው ከተቱት።

"ያንተ መጋዝ ሲታመም ቦርድ ተቀምጦ ውጭ አገር ይታከም ብሎ የሚጽፍለት ነው። የእኔ ጤና ጣቢያ ይበቃዋል።" ቀጠሉና፣ "ጭስ አልባ ያልከውስ ገብቶኛል። ካልተነሣ ከየት ያጨሳል!"

እንጨት የሚደረድረው ልጅ ሳቀ። ሳቁን አልረሳሁለትም።

"ጋሼ፣ የአባይ በረሃውን ላንሣ ልተወው?"

"ተወው።"

አልተውኩትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመድ ሥራ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወርደው ነበር። መጋዙን ሱሉልታ ላይ በጆሯቸው አስተካክለውታል፤ ጆሯቸው ደግሞ አይታማም፣ ሞተሩ ባዶውን ሲጮኽ ትንሽ ሻከር ብሎ፣ እንጨት ሲነክስ የሚጠራውን ድምፅ ይለዩታል። ታች ሲደርሱ ግን አየሩ ወፈረ፣ ቤንዚኑ በሱሉልታ ልክ ቀረ። ቤንዚን ሲያንስ ሞተር ይግላል፣ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣ ስለሆነ አብሮ ያንሳል። ድምፁ ቀጥኖ ሽቅብ ሲያፏጭ "ዛሬ ጉልበት ጨምሯል" ብለው ደስ አላቸው። ከሰዓት በኋላ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣበቀ። በካቻቢቴ የሚድነው መጋዝ በካቻቢቴው ታሞ፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ተመለሰ።

አሁን ራሳቸውን የሚያስተካክሉ መጋዞች አሉ። ውስጣቸው ያለች ትንሽ ኮምፒውተር ከሞተሩ አዟዟር ተነሥታ ከፍታውንም፣ የማጣሪያውን መቆሸሽም ተረድታ ቤንዚኑን ትመጥናለች። ሱሉልታም አባይ በረሃም ለእሷ ያው ነው። የሳሳውን አየር ግን አታወፍረውም፤ ደጋ ላይ ጉልበት የማይቀንስበት የቤንዚን መጋዝ የለም። የእህቴ ገንዘብ እስከዚህች ኮምፒውተር አልደረሰም።

"አዲስ ሁሉ ከባድና ሰነፍ ነው" የሚለው ሐሜት ከሜዳ አልተነሣም። ስም ያስጠፋው መካከለኛው ልጅ ነው። የመጋዝ ሠሪውን የስቲልን ቤተሰብ ልውሰድ። 440 የሚባለው የድሮ ወዳጆች መጋዝ 6.3 ኪሎ ነው፣ 4 ኪሎዋት ያወጣል። የጭስ ሕጉን ለማሟላት የተተካው 441 6.6 ኪሎ ሆኖ መጣ፤ ቀን ሙሉ ለሚሸከመው 300 ግራም ቀልድ አይደለም። ሰው ተቆጣ፣ ልክ ነበር። ከዚያ የመጣው 462 ግን 6 ኪሎ ሆኖ 4.4 ኪሎዋት አወጣ፤ ከድሮው ቀለለም በረታም። ካርቡራተር ጥሎ ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጨው 500አይ ደግሞ በ6.2 ኪሎ 5 ኪሎዋት ይሰጣል። ሐሜቱ ግን 441 ላይ እንደቆመ ቀርቷል።

"ካርቡራተር የለውም?" አሉ ጋሼ ደንግጠው። "ታዲያ ሲበላሽ ምኑን እንነፋለታለን?"

ይህን ጥያቄ እንደ ቀልድ አልሰማሁትም። የእኛ ሰፈር መካኒክ ካርቡራተር ፈትቶ፣ በቤንዚን አጥቦ፣ በአፉ እፍ ብሎ ያድናል። ለኤሌክትሮኒክሱ ግን እፍታ አይበቃም፤ መመርመሪያውና መለዋወጫው ከሌለ ያ ሁሉ ኪሎዋት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እንደ እኔ እንደ እኔ ቀን ሙሉ መጋዝ ይዞ ለሚውል ሰው አዲሱ ይሻላል፣ ለሳንባውም ለኪሱም። ከመግዛቱ በፊት ግን ዋጋውን ሳይሆን "ማን ይጠግንልኛል?" ብሎ ይጠይቅ።

"የእርስዎ ፍሬኑ የት ነው?" አልኳቸው፤ የሰንሰለት ፍሬን ማለቴ ነው፣ መጋዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ያዘው ሰው ሲዘል ሰንሰለቱን የሚያቆመው።

"እዚህ" ብለው ግንባራቸውን ጠቆሙ። ሲጠቁሙ ጣታቸውን አየሁት። ጠዋት ነበር፣ ብርድ ነበር፣ ሁለቱ ጣቶች ጫፋቸው ድረስ እንደ ኖራ ነጥተዋል። መጋዙ ለዓመታት ያንቀጠቀጠው እጅ በብርድ እንዲህ ይሆናል። ንዝረት የሚቀንሰው ጎማና ሽቦ እንዲሁም ፍሬኑ የጭስ ሕጉ ሥራ አይደሉም፣ ቀድመው የመጡ ናቸው፤ የጋሼ መጋዝ ግን ከእነሱም ይቀድማል። ለዚህኛው ተረብ አላገኘሁለትም።

ዝምታዬን ያልወደዱት እሳቸው ናቸው። "መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ነገ መጋዙንም በኤሌክትሪክ ሊሉን ነው። ይሄ የዛሬ ልጆች ፋሽን!"

"ፋሽን? አንድሪያስ ስቲል በ1926 መጀመሪያ የሠራው መጋዝ የኤሌክትሪክ ነበር። የቤንዚኑ የመጣው በ1929 ነው። መጤው የእርስዎ ነው ጋሼ።"

"መብራት ሲጠፋስ?"

ዝም አልኩ።

በመጨረሻ አንድ ግንድ አጋድመን ተወዳደርን። የእኔን ብሎን ለብቻዋ የተሠራውን መፍቻ አፈላልጌ ቆቧ እስከፈቀደው ድረስ አጥብቄ፣ ደህና ትንፋሽ አግኝቶ ነበር። ሁለታችንም ገፋን፣ ሁለታችንም ላብ በላብ ሆንን፣ ግንዱ ንቅንቅ አላለም። ልጁ መጥቶ ከሥራችን እፍኝ ሰጋቱራ ዘገነ።

"ጋሼ፣ ይሄ ዱቄት ነው። የተሳለ ሰንሰለት ፍቅፋቂ ነው የሚጥለው። ወፍጮ ቤት ከፍታችኋል እንዴ?"

ክብ ሞረድ አምጥቶ የሁለታችንንም ጥርስ በጥርስ ሳለው። እንደገና ስንጀምር የእኔው ቀደመ። ብዙም አይደለም፣ ቀደመ እንጂ። ጋሼ "እስቲ ላጥናው" ብለው ተቀበሉኝና ወደ ቤታቸው ወሰዱት።

ይኸው ሦስተኛ ወሩ ነው። አሮጌውን እኔ ጋ ትተውልኛል፤ ካንዴላውን ግን ፈትተው ወስደዋል።