ኃይለን ከማርያም የለየ ክፍተት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በኮምፒውተር ጽሕፈት የማድር ሰው ነኝ። የማዳበሪያ ወሳጆች ዝርዝር፣ የተማሪ ስም፣ የዕድር መዝገብ በእጄ ያልፋል። ዓመት በመጣ ቁጥር የሚያንገሸግሸኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ የመለያ ምልክት ጣጣ።

ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ስሙም፣ ቀበሌውም፣ ስልኩም በአንድ ዓምድ ታጭቆ ነው። ኤክሴል ላይ በየዓምዱ ልበትነው ስል ፕሮግራሙ በምን ልለየው ይለኛል፦ በታብ፣ በፈረንጅ ኮማ፣ በሴሚኮለን ወይስ በክፍት ቦታ? የእኛ ነጠላ ሰረዝ ከምርጫው የለችም። "ሌላ" በሚለው ሳጥን ማስገባት ይቻላል። ሳጥኑ ግን የሚቀበለው አንድ ምልክት ነው፤ አንዱ ጸሐፊ በ"፣"፣ ሌላው በ"፤"፣ ሦስተኛው በ"፥" ከፍሎ ይልካል። "።" እንኳ ሁለት ዓይነት ሆናለች። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ የራሷ ቦታ አላት፤ ብዙ ሰው ግን ዛሬም ሁለት ነጥብን ደግሞ ይመታል። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ሲፈልግ ግን አንዷን ይዞ ሌላዋን ያልፋል።

በዚህ መሰልቸት ብዙዎች በክፍት ቦታ ይበትናሉ። መከራው የሚመጣው ያኔ ነው። ኃይለ ማርያም ገብረ መድኅን ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል ሰው አለ እንበል። ሦስት ስም ነው፤ ማሽኑ ስድስት ያደርገዋል። ሰውየው ኃይለ ይሆናል፣ አባቱ ማርያም፣ አያቱ ገብረ። መድኅን ቀበሌ በሚጻፍበት ይገባል፣ ስልኩ ከገጹ ውጭ ይገፋል። በጎጃም እንዲህ ያለ ስም ብርቅ አይደለም።

አንድ ጊዜ ከቡሬ በኩል የመጡ አዛውንት "ልጄ፣ ስሜ የለም ተባልሁ" አሉኝ። ዝርዝሩን ከፍቼ አየሁት። ስማቸው ነበረ፤ ለሁለት ተሰንጥቆ። ማዳበሪያ ወቅት አለው፤ ሰልፉን እንደገና ከጭራው ያዙ።

ገጥመህ ጻፍ የሚሉኝ አሉ። መታወቂያው ላይ ተነጥሎ የተጻፈ ስም ዝርዝሩ ላይ ሲገጠም ደግሞ "ያው ሰው ነው አይደለም" የሚል ሌላ ክርክር ይነሣል።

ይህ ጣጣ በእኛ አልተጀመረም። በ1978 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ሙድ የሚባል ጨዋታ ተሠራ። ከእሱ ለተወለዱት ጨዋታዎች ማጫወቻ ከሆኑት ፕሮግራሞች በርካቶቹ ትእዛዝን ከትእዛዝ የሚለዩት በሴሚኮለን ነው። ተጫዋቹ ለጓደኛው በሚጽፈው ዓረፍተ ነገር መካከል ምልክቷ ከገባች ግማሹ ንግግር፣ ግማሹ ትእዛዝ ሆኖ ይሄዳል። እነሱ ግን መላ አበጁለት፤ የማይመቸው ሰው መለያውን በሌላ ምልክት ይተካል፣ ወይም ፕሮግራሙ ሴሚኮለኗን እንደ ተራ ፊደል እንዲያልፋት የሚያደርግ ምልክት ከፊቷ ያስቀድማል። ለጨዋታ ይህን ያህል ከታሰበ፣ ለገበሬ ስም እንዴት አይታሰብም?

ቅጽ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ከመነሻው በየራሱ ዓምድ ይሞላ። በየቀበሌው ያላችሁ ጸሐፊዎች፣ አንድ መለያ ምረጡና በእሱ ጽኑ። የፈለጋችሁት ይሁን፤ ክፍት ቦታ ብቻ አይሁን።