ዜብራ ላይ የተከፈተው ፌርማታ

አሶሳ ገብተው ባጃጅ ካጡ ብዙ አይድከሙ፤ ዜብራ ይፈልጉ። ሹፌሩ የዋዛ ሰው አይደለም፤ እግረኛ የሚሰበሰበው ዜብራ ላይ ነው፣ ተሳፋሪ ማለት ደግሞ የደከመው እግረኛ ነው። ስለዚህ የፊት ጎማውን ነጩ ቀለም ላይ ያሳርፍና አንገቱን አውጥቶ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። ማንጎ በሳፋ የተሸከመችው እናት በባጃጁ ፊት ዞራ አስፋልቱ መሀል ትገባለች። ዜብራው ለእሷ እንደተቀባ የነገራት የለም።

እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በእግረኛ ማቋረጫ ላይ መቆምን ከልክሏል። የእኛም የትራፊክ ደንብ ያንኑ ብሏል። ግን ቪየና ሩቅ ናት፤ ትራፊክ ፖሊሱም ምሳ ላይ ነው (ምሳ ሰው ይበላል፣ አልወቀስኩም)።

በሹፌር ብቻ ግን አንፍረድ። ልክ ነጩ መስመር ላይ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ብሎ የሚጮኸው ማን ነው? እኛው ነን። መልሳችንን ቆጥረን እስክንቀበል ዜብራ ላይ ያቆምነውን ሹፌር፣ በማግስቱ በእግራችን ስንሻገር «ሥርዓት የሌለው!» ብለን እንሰድበዋለን። እባካችሁ ወራጆች፣ ዜብራውን አልፋችሁ ውረዱ፤ ጥቂት እርምጃ ነው።