ጅረት ቢጨመርበት

የወንድሜ ልጅ ጥምቀትን ጎንደር አክብሮ ስማዳ እኛ ዘንድ ብቅ አለ። እህል ውሃ ሳይቀምስ ወደ ጓሮ ዞረና ኩሬዬን አይቶ፣ "ጋሼ፣ ውሃው እኮ ዝም ብሎ ተኝቷል፤ ጅረት ቢጨመርበት!" አለኝ። በስልኩ ያሳየኝ የፈረንጅ ጓሮ ነው። ውሃው ከኩሬው በፓምፕ ይሳባል፣ በድንጋይ ላይ እየተንፏፏ ይወርዳል፣ ተመልሶ እዚያው ይገባል። ታዲያ ምን ሊያመጣ ሄደ?

"አፄ ፋሲልም አድርገውታል" አለ። እውነቱን ነው፤ የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ነው። ግን በፈረንጆቹ 1632 የነገሠ ንጉሥ ቦይ ቆፋሪ አያጣም፣ ወንዙም አጠገቡ ነው። በዚያ ላይ ከመዋኛው ጎመን የሚያጠጣ፣ ጥጃ የሚነዳበት ሰው የለም። ከእኔ ጓሮ በላይ ያለው በክረምት ሲጮህ ከርሞ ለመስቀል ድምፁ የሚጠፋ ፈፋ ነው። የኔን ጅረት ከየት ላምጣው? ፓምፕ ከተባለም፣ ድንጋይ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ከተኛው ይልቅ ቶሎ ይተናል። ጥር ላይ ኩሬው በተነጠፈበት ፕላስቲክ ጠርዝ ላይ ውሃው የለቀቀው የጭቃ መስመር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሥር አንድ እንቁራሪትና ጥቂት የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀርተዋል። ይህንን ነው የምናስሮጠው?

ለነገሩ ውሃ ጠፍቶ አይደለም። ክረምት የጣለው ሁሉ ስማዳን አቋርጦ ወደ በሽሎና አባይ ይገሰግሳል። ይህንኑ ውሃ እንያዝ ተብሎ በ1990ዎቹ አጋማሽ የቤተሰብ ኩሬ ዘመቻ ሲመጣ የተጠየቅነው "ስንት ቆፈራችሁ?" ተብለን ነው፤ "ስንቱ ውሃ ያዘ?" ያለን የለም። ኮታ ይሙላ እንጂ ፕላስቲኩ ይቀደድ፣ ደለል ማስቀሪያው ይደፈን፣ ልጅ ይግባበት ማን ግድ ሰጠው? አጥሩን ያጠርነው እኛ። አንዳንዱ ጋ ፕላስቲኩ ጭራሽ የጭድ ክምር ሸፈነ። ሪፖርቱ ላይ ግን ኩሬው እስከ ዛሬ ሙሉ ነው።

ልጁን እንዲህ ብዬ ብጮህበት ዝም አለ፤ ያን ዘመን እሱ ጡት አልጣለም። ባለቤቴ ደግሞ ቡናውን እያቀረበች፣ "ድምፁ ግን ደስ ይላል" ትላለች። አሁን ሁለቱ ስለ ድንጋዩ አቀማመጥ ይመክራሉ፤ ድንጋይ ስማዳ መቼ ጠፍቶ። ፓምፑ የፀሐይ ይሁን የቤንዚን ገና አልተስማሙም። የጌሾዬን ጥግ ግን ለጅረት ብዬ አልነቅልም፤ እሱን ልጁ ለፋሲካ ሲመጣ እንጨቃጨቅበታለን።