እሰይ፣ ሐይቃችን ማዕበል አገኘች

ሚኒሶታ ሐይቅ በሐይቅ ብትሆንም አንድ ነገር ይጎድላት ነበር፤ ማዕበል። ማዕበል ላይ መቆም ያማረው ሰው ካሊፎርኒያ ድረስ ወርዶ የውቅያኖሱን ደጅ ይጠና ነበር። ያ ዘመን አለፈ! ዛሬ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ የከፈለ ጌታ ማዕበሉን በተጎታች ጭኖ መጥቶ፣ ከአንዱ ዳር ሆነው ሲጠሩ ከሌላው ዳር አቤት በሚባልባት ሐይቅ ላይ ያራግፈዋል።

የዓለም ጀልባ ሠሪ ጀልባውን ለማቅለል ሲደክም ኖሯል። ይህ ማዕበል ሠሪ ጀልባ ግን የሐይቁን ውሃ በሆዱ ቋቶች ሞልቶ ሆን ብሎ ይከብዳል። ከዚያ ኋላውን አስምጦ፣ አፍንጫውን ሰማይ ላይ ቀስሮ፣ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይንቀረፈፋል። አንድ ጎረምሳም ገመድ እንኳ ሳይዝ፣ ከኋላ በሚነሳው ማዕበል ላይ በጣውላ ይንሸራተታል። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ያሉ አባቶች ይህን ሞተር አላዩም።

ጎረምሳው ለራሱ የሚያስቀረው ጥቂት ሜትር ነው፤ የተረፈውን ለጎረቤት ይመጸውታል። በ2022 የወጣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንደሚለው፣ ይህ ማዕበል የተራ ጀልባን ያህል እስኪሟሽሽ ከ150 ሜትር በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ ስፋቷ 300 ሜትር በሆነች ሐይቅ እምብርቷ ላይ ቢቆሙ እንኳ ምጽዋቱ ሁለቱንም ዳር ያዳርሳል።

የግዛቲቱ መለያ ወፍ ሉን እግሯ ወደ ኋላ ስለተተከለ የብስ ላይ መራመድ ይከብዳታል፤ ስለዚህ ጎጆዋን የምትሠራው ውሃው አፍ ላይ ነው። ጌትዬው አንዴ ሲያልፍ እንቁላሎቿ ሳይፈለፈሉ ዋና ይጀምራሉ። ጥልቀት በሌለበት ደግሞ የሞተሩ ግፊት ከሥር የተኛውን ደለል ቀስቅሶ ፎስፈረሱን ለአልጌ ይቀልባል። አረንጓዴ አሻራ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ቋቶቹ ተደፍተው አያልቁም፤ ለሚቀጥለው ሐይቅ ስጦታ ይቀራል፦ ዜብራ መስል የሚባል ወራሪ ዛጎል ለበስ በዓይን የማይታይ ዘር፣ ወይም የአረም ቁራጭ። እንቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው ያየ ሰው የስጦታውን ዋጋ ያውቃል።

ምቀኛ ግን አይጠፋም። የቬርሞንት ግዛት በ2024 ከዳር 150 ሜትር ካልራቃችሁ፣ ጥልቀቱም 6 ሜትር ካልሞላ አትሞክሩት አለች። ይባስ ብላ ጀልባው አንድ ሐይቅ ቤቴ ብሎ ይምረጥ፣ ሌላው ዘንድ ሳይጸዳ አይግባ ብላ ደነገገች። እንደ ሰካራም ባል!

ታንኳው የተገለበጠበት፣ የጀልባ ማሰሪያ መድረኩ የተናጋበት ጎረቤትም ያጉረመርማል። የጠበበው ሐይቁን ያስፋ።